ቀላድና ሶንጎ፤ የመሬት አስተዳደር በጌዴኦ

ስለ መሬት አስተዳደር የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ በዐዋጅ ቁጥር ይጀመራል። እኛ ግን ከአንድ ቀበሌ ልንነሣ ወደድን። ባንኮ ጎቲቲ ከዲላ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ደቡብ ሲሄዱ፥ ከጉጂ ምድር ጋር በሚዋሰነው በጌዴብ ወረዳ የሚገኝ ደጋማ ቀበሌ ነው። ስሙን በሩቅ አገር ያሉ ቡና ነጋዴዎች ሳይቀሩ ያውቁታል።

ወደዚህ አገር አዲስ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ጫካ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ሲመለከት ግን ጫካው ጓሮ ሆኖ ያገኘዋል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ይዘረጋል፤ ከሥሩ እንሰት ይቆማል፤ በእንሰቱ መካከል ቡናው ይበቅላል። የዛፉ ቅጠል ረግፎ መሬቱን ያዳብራል፥ ጥላው ቡናውን ከፀሐይ ይከልላል፥ ሥሩም የቁልቁለቱን አፈር ይይዛል። እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል፤ ቡናው ገንዘብ ያስገኛል። እንግዲህ ይህን መሬት ሊያስተዳድር የሚነሣ ሹም ሁሉ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ፥ «ይህ እርሻ ነው ወይስ ደን?» የሚል ነው። የጌዴኦ አባቶች ግን ሁለቱን ለይተው አላዩም።

በጥንቱ የባሌ ሥርዓት ከላይ አባ ገዳ፥ በየአካባቢው ደግሞ ሀይቻ የሚባሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሸንጎአቸው ሶንጎ ይባላል። በሶንጎው ዳኛውና ተከራካሪው ጎረቤታሞች ናቸው፤ የክርክሩ ምክንያት የሆነው ድንበርም ከሁለቱም ዐይን አይሰወርም። ለሥርዓተ አምልኮ የተለየውን ደን ማንም እንዳሻው ገብቶ አይቆርጥም ነበር። ይህን ስንል ጥንት የነበረው ሁሉ ያማረ ነው ማለታችን አይደለም። የሽማግሌዎች ሸንጎ የወጣቱንና የሴቲቱን ድምፅ ምን ያህል ይሰማ እንደ ነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም ፍርዱ ከመሬቱ አይርቅም ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ዐፄ ምኒልክ ደቡቡን ወደ መንግሥታቸው ባጠቃለሉ ጊዜ፥ ገበሬው ለሹምና ለወታደር በገባርነት ተመደበ። ኋላም፥ ከጣልያን ወረራ በፊት፥ ቀላድ መጣ። ቀላድ የመለኪያ ገመድ ነው። መሬቱ በጋሻ እየተለካ፥ አንዱም ጋሻ ወደ 40 ሔክታር የሚገመት ሲሆን፥ ለሹማምንት፥ ለወታደርና ለባላባት ታደለ። ዛፉን አሳድጎ እንሰቱን የተከለው ገበሬ በአያቶቹ ጓሮ ጭሰኛ ሆነ። ገመዱ የለካው ወርዱንና ቁመቱን ብቻ ነው፤ በላዩ የቆመውን ተክል፥ ተክሉንም ያቆመውን ድካም አልለካም። ቡናው ዋጋ ባወጣ ጊዜ ግን ባለመሬቱ ያልተከለውን ለመካፈል አልዘገየም። በዚያን ጊዜ ደራሳ ይባል በነበረው በዚህ አውራጃ፥ በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ በተባለው ስፍራ ገበሬዎች ተነሥተው ተዋጉ፤ ከእነርሱም ወገን ብዙዎች ወደቁ። ነገ ይነቀል አይነቀል የማያውቅ ጭሰኛ ለልጅ ልጁ ዋንዛ እንዲያሳድግ መጠበቅስ እንዴት ይቻላል?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይያዝ ወሰነ፤ መሬት የማደላደሉን፥ አፈሩንና ደኑን የመጠበቁን፥ የመዳኘቱንም ሥራ ለገበሬዎች ማኅበር ሰጠ። በወረቀት ሲታይ ፍርዱ እንደገና ወደ ሰፈር ተመለሰ ማለት ነው። ነገር ግን ማኅበሩ ውሎ ሲያድር የሕዝቡ አፍ ከመሆን ይልቅ የላይኛው ትእዛዝ እጅ ሆነ። ከዚያም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደሩን ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ፤ ዐዋጅ ቁጥር 456/1997ም የይዞታ ደብተርን አስከተለ። ደብተሩ ለገበሬው ትልቅ ዋስትና መሆኑን አንክድም።

የቀበሌ አስተዳደር ጭንቅ የታየው ግን በባንኮ ጎቲቲ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በ2011 ዓ.ም. በጎቲቲ ብቻ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በመጠለያ ሰፍረው ነበር። አገሩ ቀድሞውንም በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ከበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ለመጠለያው ምሰሶ፥ ለምድጃው ማገዶ ያሻል፤ ዛፉም የሰው ጓሮ ነው። የተራበን ወገን ማስጠለልና የባለጓሮውን ተክል መጠበቅ በአንድ ቀን በአንድ ሹም ጫንቃ ላይ ሲወድቁ የትኛው ደንብ ይበቃዋል? ያን ጊዜ እንግዶቹን የመቀበሉ ሸክም የወደቀው ከሁሉ አስቀድሞ በጎረቤት ላይ ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። የተመዘገበውም ይኸው ጓሮ፥ ለአምልኮ የተለየው ደን፥ በየሸንተረሩ የቆሙት ትክል ድንጋዮች፥ ከእነዚህም ጋር የሽማግሌዎቹ ዕውቀት ነው። መዝገቡ በፓሪስ ይቀመጥ እንጂ፥ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣውን ሰው የሚያነጋግረው የቀበሌው ሹም ነው። በእጁ ያለውም ስፋትና አዋሳኝ የሰፈረበት ደብተር ነው።