ከአሶሳ እስከ ሸጎሌ፦ ደላላ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ደላላ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ስልኩ የማያርፍ፣ «ቤቱ ዛሬ ካልተያዘ ነገ የለም» የሚል ሰው ነው። ቴሌግራም ላይ የሳሎን ፎቶ ይለጥፋል፣ «ካርታው ንጹህ ነው» ይላል፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። እሱን መስደብ ቀላል ነው። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ መሬት በማይሸጥበት አገር የቤትና የቦታ ደላላ የሚሸጠው ምንድን ነው? አንዱ ደላላ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሌላው በሁለት ዓመት ከሰፈር የሚጠፋውስ ለምንድን ነው? መልሱን ስፈልግ ታሪኩ ወደ አሶሳ ወሰደኝ።

ከቃሉ እንጀምር። «ደላላ» የመጣው ከዓረብኛ ነው፤ ሥሩ መምራት፣ ማመልከት ማለት ነው። አሶሳ ገበያ ለሚውል የቤርታ ሽማግሌ ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቤርታዎች ከራሳቸው ቋንቋ ጎን በሱዳን ዓረብኛ ሲነግዱ ኖረዋልና። ሥራው ራሱ በአካባቢያችን በጣም የቆየ ነው። በምሥራቅ፣ በሶማሌ ጠረፍ፣ «አባን» የሚባል ሰው ነበር። በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ እሱ ጽፏል። አባን እንግዳውን ነጋዴ ያስተናግዳል፣ ከሰዎች ጋር ያገናኘዋል፣ ዋጋ ይደራደርለታል፣ ከጥቃትም ይጠብቀዋል። እንግዳው ቢዘረፍ ነውሩ የአባኑ ነበር። ስለዚህ ክፍያው የማገናኘት ብቻ ሳይሆን የአደራም ዋጋ ነበር ማለት ነው።

በምዕራቡ ጫፍ፣ በቤኒሻንጉል፣ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። እዚያ የሚፈለገው ወርቅ ነው። የግብፁ ሙሐመድ ዓሊ በ1813 ዓ.ም. ጦሩን ወደ ሱዳን ያዘመተው አንድም ለወርቅ፣ አንድም ለባሪያ ነበር፤ ጦሩም ወደዚህ አካባቢ ደርሷል። ከሱዳን «ጀላባ» የሚባሉ ነጋዴዎች ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ ይዘው ይመጣሉ፣ የአገሬው ሰው ወርቁን ከወንዝ አጥቦ ያወጣል፣ መሃል ላይ ሼሆቹ ይቆማሉ። በአሶሳ፣ በሆሞሻና በቤላ ሻንጉል የገዙት ሼሆች ኃይላቸውን ያገኙት በጦር ብቻ አልነበረም፤ ከየትኛውም ወገን የሚመጣ ሰው በእነሱ በኩል ማለፍ ነበረበት። ይህን ስናነሳ መራራውን ክፍል መዝለል አይገባም። በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ማገናኘት በራሱ ጽድቅ አይደለም፤ መሃል ላይ የቆመ ሰው ምንን ከምን እንዳገናኘ ይጠየቃል።

በ1890 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ወደ ቤኒሻንጉል ዘመተ። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ተይዘው አዲስ አበባ መጡ። ኋላ ወደ ግዛታቸው ተመልሰው ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ የሚገብሩ ትልቅ ሰው ሆኑ፤ አዲስ አበባም መኖሪያ ነበራቸው። የሰፈሩ ሰው «ሼህ ሆጀሌ» የሚለውን ስም በአንድ ትንፋሽ ሲጠራው «ሸጎሌ» ሆነ። ዛሬ በቀን ስንቴ «ሸጎሌ፣ ለመንገድ ቅርብ፣ ሙሉ ግቢ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል! የሚለጥፈው ልጅ የአሶሳን ሼህ ስም እየጠራ ቤት እንደሚሸጥ ልብ ላይለው ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ስም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ መሬቱ በፊት የማን እንደነበር በአጭሩ ይናገራል።

ከዚያ 1967 መጣ። በየካቲት 25 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ዞረ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የቤት መሥሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ትርፍ ከተባሉት ቤቶች ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጠ። ቤት ማከራየትም የመንግሥትና የቀበሌ ሥራ ሆነ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ተጽፎ የነበረው ድለላ በቤት ጉዳይ የሚያገናኘው ሰው አጣ። አከራዩ ቀበሌ ከሆነ ደላላ ምን ይሠራል?

በዚሁ ዘመን አሶሳ ዙሪያ መሬት ያለ ገዢና ያለ ሻጭ ተከፋፈለ። በ1970ዎቹ ደርግ ከወሎና ከሌሎች በድርቅ ከተጎዱ ቦታዎች ብዙ ሺህ ሰዎችን አምጥቶ አሰፈረ። መንደሮቹ የተጠሩት በቁጥር ነው፤ «አምባ 14» እንደሚባለው። ሸጎሌ የሰው ስም ይዞ ሲቀር እነዚህ ቁጥር ያዙ። ቁጥር ደግሞ በፊት ማን ያርስ፣ ማን ያድን፣ ማን ወርቅ ያጥብ እንደነበር አይናገርም። ሰፋሪው ብዙ ጊዜ ወዶ አልመጣም፤ ነባሩም አልተጠየቀም። ሁለቱን አቀማምጦ «ይህ ድንበር የማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ የመሃል ሰው አልነበረም። አባን የሚሠራው ሥራ የጎደለው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው፤ ከቤቱ ጋር በሊዝ ወይም በይዞታ የመጠቀም መብት ይተላለፋል። ስለዚህ ደላላው «200 ካሬ አለኝ» ሲል በሕግ ዓይን ካሬውን እየሸጠ አይደለም። የሚሸጠው ስለ ካሬው የሚያውቀውን ነው ብል አላጋነንኩም። ዕውቀቱ እውነት ከሆነ ገዢው ቤት ያገኛል፤ ውሸት ከሆነ ወረቀት ታቅፎ ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

አሁን ወደ ዛሬዋ አሶሳ እንምጣ። የክልል መቀመጫ ናት፣ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል። የሱዳን ጦርነቶች ያሰደዷቸው ሰዎች እንደ ሸርቆሌና ባምባሲ ባሉ መጠለያዎች ስለሚኖሩ የእርዳታ ሠራተኞች በከተማዋ ቤት ይከራያሉ። በክልሉ ጉባ ላይ የተገነባው የህዳሴ ግድብ በ2017 መጨረሻ ተመርቋል፤ በኩርሙክ በኩል ደግሞ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ሥራ አለ። ወርቁ ዛሬም ሰው ይጠራል፣ የመጣ ሰው ማደሪያ ይፈልጋል፣ የከተማ ዳር መሬት ይወደዳል። ከዚህ ጎን ግን ከ2010 ወዲህ በካማሺና በመተከል ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ሰው ቤቱን ጥሎ በሸሸበት ክልል «በርካሽ የተገኘ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሻጩ ወዶ ነው የሸጠው? የት ነው ያለው? ፊርማው የራሱ ነው?

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚባለው ለወግ አይደለም። ጥሩ ደላላ ኮሚሽኑን ከመቁጠሩ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ እግድና የባንክ ዕዳ እንዳለበት ያጣራል። የሊዝ ቀሪ ክፍያ ይጠይቃል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባልም የሚስትም ፊርማ ይፈልጋል፤ ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። የከተማ ዳር የገበሬ መሬት በ«ብድር» ውል ተሸፍኖ ሲመጣ እጁን ይሰበስባል። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል የሚያዋውል አካል ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 እንደሚደነግግ ያውቃል፤ ስለዚህ በሦስት ምስክር ፊት ካፌ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ይዞ «አለቀ» አይልም። በመጨረሻም ጎረቤት ያነጋግራል። ካርታ የማይናገረውን የአጥር ጠብ ጎረቤት ይናገራል።

ይሄ ሁሉ ሥራ ያዘገያል፣ አውቃለሁ። የሚጣደፈው ተፎካካሪ በዚያው ሳምንት ሁለት ቤት ያሻሽጣል። ግን የከተማ ዳር ገበያ ጠባብ ነው፤ የዛሬ ገዢ የነገ ሻጭ ነው፣ የተከራየው ሰው ነገ ወንድሙን ይልካል። አንድ ቤት ላይ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የደላላው ስም ነው። በ2017 ፓርላማው ስለ ሪል ስቴት ልማትና ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት አዋጅ አጽድቋል፤ ሥራው ሥርዓት መያዙ መልካም ነው። ፈቃድ ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አደራ አይሰቀልም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች የምለው ይሄን ነው፦ የምትሸጡትን ሰፈር ታሪክ እወቁ። ታሪኩን ማወቅ ለጨዋታ ማድመቂያ አይደለም፣ ዋናው ዕቃችሁ እሱ ነው። ካርታው ላይ ያለውን ስም ማንም ያነባል። ከዚያ ስም በፊት ማን እንደነበረ፣ ለምን እንደሄደ፣ ተመልሶ ይጠይቅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ገዢም የሚከፍለው ለእሱ ነው።