የጣርማ በር አቀበትና የቫልቮላ ብረት

ከቀወት ቆላ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚወጣ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። መንገዱንና ዋሻውን ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ሠሯቸው፤ ቴስታታና ቫልቮላ የሚሉት ቃላትም ለመካኒኮቻችን ከኢጣልያንኛ የተረፉ ናቸው።

እንዲህ ባለ አቀበት፣ በከባድ ማርሽ ቤንዚን ተረግጦ ለረጅም ጊዜ ሲወጣ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ እስኪቀላ ይግላል። የቀድሞ አምራቾች ለዚህ ሲሊኮንና ክሮም ያለበትን ብረት ይጠቀሙ ነበር፤ ኋላ ግን 21 በመቶ ክሮምና 4 በመቶ ኒኬል የያዘው፣ ማንጋኒዝና ናይትሮጅን የተጨመረበት ብረት ቦታውን ወሰደ። የማስገቢያው ቫልቮላ በሚገባው አየርና ቤንዚን ስለሚቀዘቅዝ የፊተኛው ብረት ይበቃዋል።

ጉዳዩ ግን በቫልቮላው አያበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ የቫልቮላውን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። እርሳስ ለሰው፣ ይልቁንም ለሕፃናት፣ መርዝ በመሆኑ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2005 መጨረሻ ተዉት፤ መተዋቸውም ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ መቀመጫው ቀልጦ በፈሰሰው የብረት ቴስታታ ላይ በቀጥታ የተሞረደለት አሮጌ መኪና ጠባቂውን አጣ። ቫልቮላው ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠባል፤ በመጨረሻም በደንብ መዝጋት ተስኖት ይቃጠላል።

ስለዚህ መኪናውን የሚያድስ ሰው ውድ ቫልቮላ ገዝቶ አሮጌውን መቀመጫ ቢተወው ገንዘቡን መጣሉ ነው፤ ጠንካራ የመቀመጫ ቀለበት ማስገባት ይቀድማል። በከተማ ዝግ ብሎ የሚነዳ መኪና ጉዳቱን ለዓመታት ሊሸሽግ ይችላል። አቀበቱን ደጋግሞ ወጥቶ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ ክፍተት ጠብቦ ከተገኘ ግን ቴስታታው ሳይውል ሳያድር መውረድ አለበት።