የቀሃ ውኃ የማን ነው?

ጎንደር ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ውኃ የሚያስበው በሁለት አጋጣሚ ነው፤ የጥምቀት ሰሞንና ቧንቧው የጠፋ ዕለት። እኛም ከዚህ አላመለጥንም። ሰሞኑን ግን ጀሪካን ይዘን ተራ ስንጠብቅ ‹‹ለመሆኑ ይህች ከተማ ከወንዞቿ ጋር እንዴት ስትኖር ኖረች?›› የሚል ጨዋታ ተነሣና እነሆ ጽሑፍ ወለደ።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ የከተሙበት ጉብታ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ያቅፉታል። (አንገረብ ስንል ወደ አትባራ የሚወርደውን ትልቁን አይደለም፤ የእኛው ትንሹ ነው። ከቀሃ ጋር ወደ መገጭ፣ ከመገጭም ወደ ጣና ይገባል።) ጥንት ውኃውን ወደ ቤት ያደረሰው የሴቶች ጀርባና እንስራ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ግንቡ ብዙ ብለዋል፤ ስለ እንስራው ዝም።

ቀሃ ላይ ግን አንድ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። በፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ውኃውን የሚያገኘው ከቀሃ በተሳበ ቦይ ነው። ከጥምቀት በፊት ቦዩ ይጠረጋል፣ ገንዳው ይታጠባል፣ ውኃው ይለቀቃል። ታቦታቱም ወርደው በዚያው ውኃ ዳር ያድራሉ። ቦዩ እስከ ዛሬ የሚሠራው በየዓመቱ የሚጠርገው ሰው ስላልታጣ ነው። ቀኑ ለሁሉም የታወቀ ነው፣ ጠራጊም አይጠፋም። ከመዋኛው አጥር ውጭ ያለው ቀሃ ግን ቀን የለውም፤ ያው ወንዝ ፌስታልና ሃይላንድ ይሸከማል።

ከመዋኛው ወረድ ስንል ሌላ ታሪክ አለ። በ1660 ዓ.ም. በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። የደረሳቸውም ከቤተ መንግሥቱ በታች ያለው የቀሃ ዳር ነበር። ሰዎቹን መለየት ተቻለ፤ ወንዙን ግን ማን ይለየዋል? ላይ የታጠበው ሁሉ እየወረደ ታች ያለው ሰው ደጃፍ ደረሰ። ስለዚህ ጉባኤ ስናነብ ስለ ሃይማኖት ብቻ ማውራት ለምደናል፤ ለእኛ ግን ከላይና ከታች መኖር ምን ማለት እንደሆነም የሚያሳይ ነው።

ዛሬ ታች ያለው ደምቢያ ነው፤ በመገጭ ውኃ የሚያለማው ገበሬና ጣና ላይ የሚያጠምደው ዓሣ አስጋሪ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ የተንሰራፋው አረም ከየተፋሰሱ የሚወርደው ለም አፈርና ቆሻሻ ይመቸዋል። ስሙም እምቦጭ! ‹‹ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ›› ያሉት አባቶቻችን ይህን ያወቁ ይመስላል።

አንገረብ ላይ ደግሞ እኛ ራሳችን ታች ነን። ከተማዋ ከምትጠጣባቸው ምንጮች አንዱ የአንገረብ ግድብ ሲሆን ትልቁ ጠላቱ ደለል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይኛው ተዳፋት እርሻና ከየቦረቦሩ አፈር ይወርዳል፤ ግድቡ ውስጥ አፈር በገባ ልክ የውኃው ቦታ ይጠብባል። ይህን ለመከላከል ገበሬው በበጋ ወራት ለዘመቻ ይወጣል፣ እርከን ይሠራል፣ ከማሳው ቆርሶ ለእርከኑ ይለቃል፣ ከብቱንም ከልቅ ግጦሽ ይከለክላል። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። ከተማው ምን ሰጠ? የቧንቧ ሒሳብ ስንከፍል ከሳንቲሙ አንዲቱ እንኳ ‹‹ለላይኛው ገበሬ›› የምትል አናይም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። አዋጅ ቁጥር 534/1999 ደግሞ የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት እንዲቋቋሙ ፈቀደ። ሐሳቡ ወንዙ ከየት እስከ የት ይሄዳል ብሎ መነሣቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን አባይን የሚያህል ተፋሰስ ሲታሰብ ቀሃን የሚያህል ጅረት ይዘነጋል። ‹‹የጋራ›› የሚለውንም ቃል ብዙዎቻችን ‹‹የሌላ ሰው›› ብለን ነው የምናነበው፤ እኛንም ጨምሮ። ከመካከላችን በዝናብ ቀን ቆሻሻ ወደ ቦይ ሲደፋ አይቶ ዝም ያላለ የለም።

በእኛ እምነት ቀሃም እንደ መዋኛው ቦይ የራሱ ቀን ያስፈልገዋል። ከጥምቀት በፊት ለቦዩ የሚወጣው ሰው ጥቂት መቶ ሜትር አልፎ ወንዙን ቢጠርግስ? ከውኃ ሒሳቡም ትንሽ ተቆርጦ ለአንገረብ ቦረቦሮች መድፈኛ ቢውልስ? የመጀመሪያው ፈቃድ የሚጠይቅ አይመስለንም። በመጪው የካቲት የእርከን ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ዶማ ተውሰን ወደ ላይ ለመውጣት ተስማምተናል፤ ጫማውን ከወዲሁ ያዘጋጀ አለ።