ሃያሲው በመድረክ ላይ፦ «የደም ቲያትር» ፊልምና የተመልካቾቹ ፍርድ

የኪነ ጥበብ ሥራ ለሕዝብ ሲቀርብ ፍርድም አብሮት ይመጣል። ተዋናዩ ላቡን አፍስሶ ከመድረክ ሲወርድ ሃያሲው ብዕሩን ያነሣል፤ ተመልካቹም ወደ ቤቱ እየሄደ የራሱን ብይን ይሰጣል። ለመሆኑ ከሦስቱ የማንኛው ቃል ይጸናል? ይህን ጥያቄ ሳቅና ድንጋጤ አዋሕዶ ያነሣ አንድ የእንግሊዝ ፊልም አለ፤ ይኸውም በ1973 ለእይታ የበቃው «ቲያትር ኦቭ ብለድ» ነው። በአማርኛ «የደም ቲያትር» ልንለው እንችላለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፊልሙ ከምን ዓይነት የቲያትርና የፊልም ታሪክ እንደ ተወለደ ማሳየት፣ ተመልካቾች የሚሰጡትን የተለያየ አስተያየት መመርመርና ከዚያ በመነሣት ስለ ሂስ ኃላፊነት አንድ ሐሳብ መሰንዘር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ርእስ የመራኝ በድራማ ሂስ ክፍለ ጊዜ ፊልሙን ከተማሪዎቼ ጋር ማየቴ ነው። ተማሪዎቹ ለሼክስፒር እንግዶች አልነበሩም። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን «ሮሜዎና ዡልየት»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጐሟቸውን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ያነበቡ ነበሩ። ይሁንና መብራቱ እንደ በራ በፊልሙ ላይ የሰጡት አስተያየት እጅግ የተራራቀ ሆነ። ያ ክርክር ከክፍሉ ካለቀ በኋላም እኔን አልለቀቀኝም።

የፊልሙ ታሪክ

ፊልሙን ያዘጋጀው ዳግላስ ሂኮክስ፣ የፊልም ጽሑፉን የደረሰው አንተኒ ግሬቪል ቤል ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤድዋርድ ላየንኸርት የሼክስፒርን ተውኔቶች ሲጫወት የኖረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እጁን እያወናጨፈ የሚተውን የድሮ ዘይቤ ተዋናይ ነው። የለንደን ሃያስያን የዓመቱን ሽልማት ለእርሱ ነፍገው ለአንድ ወጣት ይሰጣሉ። ላየንኸርትም ከተሰበሰቡበት ቤት ገብቶ ሽልማቱን ይነጥቅና፣ ሐምሌት ስለ ሕይወትና ስለ ሞት የሚያሰላስልበትን ንግግር ከተናገረ በኋላ ከሰገነቱ ወደ ቴምዝ ወንዝ ራሱን ይወረውራል። ሁሉም ሞቷል ብሎ ያምናል። ነገር ግን በወንዙ ዳር የሚኖሩ ቤት አልባ ሰካራሞች ያገኙታል፤ እርሱም እነርሱን የቲያትር ጓዱ አድርጎ በአንድ የተዘጋ ቲያትር ቤት ይሸሸጋል።

በቀሉ የሚፈጸመው በመጨረሻው የትወና ወቅቱ በተጫወታቸው ተውኔቶች መሠረት ነው። ጆርጅ ማክስዌል ማርች 15 ቀን እንደ ዩልየስ ቄሣር በብዙ እጆች ተወግቶ ይሞታል፤ ሚስቱም እንደ ቄሣር ሚስት ክፉ ሕልም አይታ ነበር። ሄክተር ስናይፕ በ«ትሮይለስና ክሬሲዳ» እንዳለው ስመ ሞክሼው በጦር ተወግቶ ሬሳው በፈረስ ይጐተታል። የሆራስ ስፕራውት አንገት በ«ሲምበሊን» አምሳል ሚስቱ አጠገቡ እንደ ተኛች ይቆረጣል። ኦሊቨር ላርዲንግ በ«ሪቻርድ ሣልሳዊ» እንዳለው እንደ ክላረንስ መስፍን በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ይሰጥማል። ሌላው በ«ኦቴሎ» ዓይነት ቅናት ታውሮ ሚስቱን በገዛ እጁ ይገድልና ወደ ወኅኒ ይወርዳል። ክሎይ ሙን በ«ሄንሪ ሳድሳዊ» እንደምትገኘው ጆን ኦቭ አርክ ትቃጠላለች፤ ለእርሷ ግን የእንጨት ክምር ሳይሆን የፀጉር ቤት ኤሌክትሪክ ተዘጋጅቶላታል። ሜሪዲው የሚባለው ሆዳም ደግሞ እንደ ልጆቹ የሚወዳቸው ውሾቹ በ«ታይተስ አንድሮኒከስ» ሥርዓት ተጋግረው ይቀርቡለታል።

ከዘጠኙ ሃያስያን ሰባቱ ይሞታሉ፣ አንዱ ይታሰራል። የሚተርፈው ፔሪግሪን ዴቭሊን ብቻ ነው። ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ዘመኑና ተዋንያኑ

የእንግሊዝ አስፈሪ ፊልም ከ1957 ጀምሮ በሐመር ኩባንያ የፍራንከንስታይንና የድራኩላ ፊልሞች አማካይነት በዓለም የታወቀ ነበር። ወደ 1970ዎቹ ሲቃረብ ግን ተመልካቹ ከመቃብር የሚወጣውን ሙት መልመድ ጀምሮ ነበር። ከዚህ አንጻር ፍርሃትን ከፌዝ ማዳቀል አዲስ መውጫ ሆነ። ፌዙ ራሱ ግን አዲስ አልነበረም። በ1949 የተሠራው «ካይንድ ሃርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ» የተሰኘው ኮሜዲ አንድ ሰው ማዕርግ ለመውረስ ዘመዶቹን በተራ የሚገድልበትን ታሪክ በፍጹም ጨዋነት የሚተርክ ነው። በዚያ ፊልም ገዳይ ሆኖ የተጫወተው ዴኒስ ፕራይስ ከ24 ዓመት በኋላ በ«የደም ቲያትር» ውስጥ ከሟቾቹ አንዱ ስናይፕ ሆኖ መቅረቡ ለነባር ተመልካች የምትገባ ጥቅሻ ናት።

ላየንኸርትን የተጫወተው ቪንሰንት ፕራይስ (1911-1993) አሜሪካዊ ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1930ዎቹ የትወና ሕይወቱን የጀመረው በለንደን መድረክ ነበር፤ ስሙ የገነነው ግን በአስፈሪ ፊልሞች ነው። የሼክስፒርን ትልልቅ ንግግሮች በካሜራ ፊት ለመናገር ዕድል ያገኘው በዚህ ፊልም ስለ ሆነ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ እንደሚወደው ይናገር ነበር። ክሎይ ሙንን ከተጫወተችው ኮራል ብራውን ጋር የተዋወቁት በዚሁ ሥራ ሲሆን በ1974 ተጋብተዋል። በፊልሙ ገዳይና ተገዳይ፣ በሕይወት ባልና ሚስት መሆናቸው ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሃያስያኑን የተጫወቱት ሰዎች ማንነት ነው። ማክስዌልን የተጫወተው ማይክል ሆርደርን ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በኖቲንግሃም መድረክ ንጉሥ ሊርን ተጫውቷል። የላየንኸርት ልጅ ኤድዊና ሆና የቀረበችው ዳያና ሪግ በ1962 ፒተር ብሩክ ባዘጋጀው «ንጉሥ ሊር» ውስጥ የኮርዴሊያን ሚና ይዛ ነበር፤ በፊልሙም መጨረሻ እንደ ኮርዴሊያ ሞታ አባቷ ይሸከማታል። እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን በሃያስያን ሲዳኙ የኖሩ ተዋንያን ለአንድ ጊዜ የዳኞችን ልብስ ለብሰው በትወና ተገደሉ ማለት ነው። ሳቁ የሚመነጨው ከዚህም ጭምር ነው።

የተመልካቾች ክርክር

በክፍሌ የተነሡትን አስተያየቶች በሦስት መክፈል ይቻላል። ሌሎች ተመልካቾችም በዚህ ፊልም ላይ ሲከራከሩ ከእነዚህ ብዙም የሚርቁ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ፊልሙ ሼክስፒርን አዋርዷል የሚሉ ናቸው። ታላቁ ገጣሚ የሥጋ ቤት ማሳመሪያ ሆነ ይላሉ። ይህ አስተያየት ክቡር ስሜት አለበት፤ ታሪክ ግን አይደግፈውም። በፊልሙ ከሚታየው ጭካኔ አብዛኛው ከተውኔቶቹ የተወሰደ ነው። ልጆቿ ተጋግረው ለእናት የሚቀርቡበት ማዕድ በ«ታይተስ አንድሮኒከስ» ውስጥ አለ። የግሎስተር ዓይን በ«ንጉሥ ሊር» ውስጥ በመድረክ ላይ ይጠፋል። የኤልሳቤጥ ዘመን ተመልካች የበቀል ትራጀዲ የሚወድ ሕዝብ ነበር። ያፈሩት በኋላ የመጡት ናቸው። ናሁም ቴት በ1681 «ንጉሥ ሊር»ን እንደገና ጽፎ ኮርዴሊያን በሕይወት አኖራት፣ ዳራትም፤ የእንግሊዝ መድረክም ከመቶ ዓመት በላይ በዚያ በተለዘበ ፍጻሜ ኖረ። ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ የኮርዴሊያ ሞት እጅግ ስለ አስደነገጠው የተውኔቱን መጨረሻ እንደገና ለማንበብ ብዙ ዓመት እንደ ፈጀበት በ1765 ጽፏል። «ታይተስ»ም ለብዙ ዘመን የደራሲው ነውር ተደርጎ ተቈጥሮ ነበር። ፒተር ብሩክ በ1955 በስትራትፎርድ ሎረንስ ኦሊቪዬንና ቪቪየን ሌይን ይዞ ደሙን በቀይ ጥብጣብ እየወከለ ሲያቀርበው ነው ክብሩ የተመለሰለት። ስለዚህ ደሙ ከሼክስፒር ዘንድ የቈየ እንጂ ፊልሙ የጨመረው አይደለም። ፊልሙ ያደረገው እንዲያውም ጽዋውን ሳይለዝብ መልሶ ማቅረብ ነው።

ደግሞም ፊልሙ ራሱ በዚህ ነገር ላይ ይቀልዳል። በ«የቬኒሱ ነጋዴ» ውስጥ ሻይሎክ የጠየቀውን የሥጋ ቁራጭ አያገኝም፤ ላየንኸርት ግን ተውኔቱን አርሞ የትሬቨር ዲክማንን ልብ ያወጣል። ሼክስፒርን ለማረም የሚደፍር እርሱ ብቻ ነው ተብሎም ይሳቅበታል። የቴትን ታሪክ የሚያውቅ ተመልካች ግን ደፋሩ እርሱ ብቻ እንዳልነበረ ያስታውሳል።

ሁለተኛዎቹ ፊልሙን የጥበብ ሰዎች በቀል አድርገው የሚወዱት ናቸው። ተዋንያንና ደራስያን በብዛት ከዚህ ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ ሰው ወር ሙሉ የተለማመደውን በአንድ ሌሊት በተጻፈ ግማሽ ገጽ መጣል ምን ያህል እንደሚያም ያውቁታልና፣ ሃያሲው በበርሜል ሲሰጥም ያጨበጭባሉ። በእርግጥም ፊልሙ ለሃያስያኑ አያዝንም። ላርዲንግ በመጠጥ፣ ዲክማን በሴት፣ ክሎይ ሙን በመዋብ፣ ሜሪዲው በምግብ፣ እያንዳንዱ በሚወደው ነገር ተይዞ ይጠመዳል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መለየት አለበት። ፊልሙ ሃያስያኑ መጥፎ ሰዎች መሆናቸውን ያሳያል እንጂ ብይናቸው ስሕተት መሆኑን የትም አያሳይም። ላየንኸርት በእርግጥም እያጋነነ ይተውናል። በመጥፎ ሰው አፍ የተነገረ እውነት እውነትነቱን አያጣም።

ሦስተኛዎቹ ነገሩን በጥልቀት ያዩ ይመስለኛል። አንዲት ተማሪ «ፊልሙ የማን ወገን እንደ ሆነ የሚታወቀው በዴቭሊን ነው» አለች። ዴቭሊን እንደ ግሎስተር ታስሮ የጋለ ጩቤ ወደ ዓይኖቹ እየቀረበ ሽልማቱን ለላየንኸርት እንዲሰጥ ይጠየቃል። ቃሉን ቢለውጥ ይድናል። እርሱ ግን እምቢ ይላል። ፖሊሶች ደርሰው፣ ኤድዊና ሞታ፣ ቲያትር ቤቱ ተቃጥሎ፣ ላየንኸርት የልጁን ሬሳ ታቅፎ በእሳቱ ውስጥ ከወደቀ በኋላም ዴቭሊን የመጨረሻውን ሂስ ይሰጣል፦ እንደ ልማዱ አጋንኗል፤ ከመድረክ መውጣትን ግን ያውቅበት ነበር። የፊልሙ የመጨረሻ ፍርድ እንግዲህ የሃያሲ ነው፤ ነቀፌታና ምስጋናም በአንድነት ይዟል።

በእኔም አስተያየት ይህ ንባብ ትክክል ነው። ፊልሙ በሃያስያን ላይ የተሰነዘረ ቢመስልም፣ በመጨረሻ የሚያከብረው በሞት ፊት እንኳ የሚያምንበትን ብይን ያልሸጠውን ሃያሲ ነው።

የሃያሲው ዕዳ

በዚህ ረክቼ ክርክሩን ልዘጋ ስል አንድ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አነሣ። «መምህር፣ እርስዎ ዴቭሊን ነዎት ወይስ ከሰባቱ አንዱ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልሰጠሁትም።

መልሱን እዚህ ልጻፈው። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ያቀረበውን አጭር ተውኔት በሁለት ገጽ ገምግሜ ነበር። ተውኔቱ ደካማ ነበር፤ ብይኔን ዛሬም አልለውጥም። ነገር ግን አንባቢ እንዲስቅ ብዬ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመርሁ። አንባቢም ሳቀ። ከዓመታት በኋላ ከሰውየው ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶኝ ያችን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ደገመልኝ። ስለ ሴራው አወቃቀር፣ ስለ ቃለ ተውኔቱ የጻፍሁትን ሁሉ ረስቶታል። ሌላ ተውኔት ጽፎ እንደ ሆነ ስጠይቀው አልጻፍሁም አለኝ። እኔ ዐረፍተ ነገሯን የጻፍሁ መሆኔን እርሱ እስኪደግምልኝ ድረስ ረስቼው ነበር።

ላየንኸርትም ከሟቾቹ ፊት ሲቆም የጻፉበትን እየጠቀሰ ነው። እነርሱ ጽፈው ረስተዋል፤ እርሱ በቃሉ ይዞታል። ፊልሙን መጀመሪያ ሳየው ይህን እንደ እብደት ምልክት ቈጥሬው ነበር፤ አሁን ግን ከፊልሙ ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይህ ሆኖ ይታየኛል። የዴቭሊን ብይንና የሰባቱ ብይን በይዘት አንድ ነው፤ ሁሉም ላየንኸርት ያጋንናል ብለዋል። ልዩነቱ ዴቭሊን በፍጻሜው የተዋናዩን በጎ ነገር ለማየት መቻሉ ላይ ነው። እኔ በዚያ ሂስ ውስጥ ያንን አላደረግሁም። የወጣቱ ተውኔት ሁለት ጥሩ ትዕይንቶች ነበሩት፤ አልጠቀስኋቸውም።

ላየንኸርት የሸሸገበት ቲያትር ቤት በፊልም የተነሣው በለንደን ፑትኒ ሂፖድሮም በተባለ በእርግጥም ተዘግቶ በነበረ አዳራሽ ሲሆን፣ ሕንፃው በ1975 ፈርሷል። ታሪኩ ግን በ2005 በእንግሊዝ ብሔራዊ ቲያትር ተውኔት ሆኖ ሲቀርብ ጂም ብሮድቤንት ላየንኸርትን፣ የዳያና ሪግ ልጅ ሬቸል ስተርሊንግ ደግሞ የእናቷን ሚና ተጫውተዋል። የለንደን ሃያስያንም እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው፣ ሃያስያን ሲገደሉ አይተው፣ ወደ ቤታቸው ሄደው ሂሳቸውን ጻፉ። ሥራው ይህ ነውና ከዚህ ሌላ ሊያደርጉ አይችሉም። ለጠየቀኝ ተማሪ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ ያን ጊዜ ከሰባቱ አንዱ ነበርሁ። አሁን የእናንተን ጽሑፍ ሳርም በመጀመሪያ የምፈልገው ሁለቱን ጥሩ ትዕይንቶች ነው፤ ከዚያ በኋላ ደካማውን ደካማ እለዋለሁ።