ዊኪፒዲያ ላይ የጻፋችሁት ለምን ይሰረዛል? ምን ማድረግስ ይቻላል?

"ስለ አንድ አርቲስት ዊኪፒዲያ ላይ ጻፍኩ፣ በማግስቱ ገጹ የለም። ማነው ሪፖርት ያደረገብኝ?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰናል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ክፋት አይደለም። ጽሑፍ በብዛት የሚሰረዘው በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ ከሌላ ቦታ ተገልብጧል፣ ወይ ባለታሪኩ የራሱ ገጽ እንደሚገባው የሚያሳይ ምንጭ የለውም። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ የእናንተ የቱ እንደሆነ እዩ።

ሁለቱም የደረሰባቸው ሰው አሉ። ካናዳዊቷ ሳይንቲስት ዶና ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2018 በፊዚክስ ኖቤል ያገኙ ሦስተኛዋ ሴት ሲሆኑ እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ ገጽ አልነበራቸውም። በ2014 የተጻፈው ከአንድ የሙያ ማኅበር ድረ ገጽ የተቀዳ ስለነበር ተሰርዟል። በ2018 ሜይ የቀረበው ረቂቅ ደግሞ ምንጩ አይበቃም ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ውሳኔ ብዙ አነጋግሯል፣ ለእኛም ያስቆጫል። የመጀመሪያው ግን አያከራክርም።

ለምን? ዊኪፒዲያ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ነፃ ፈቃድ ነው የሚወጣው። ማንም ሰው ምንጩን ጠቅሶና በዚያው ፈቃድ አድርጎ መቅዳት፣ መቀየር፣ መሸጥም ይችላል። የጋዜጣ ጽሑፍ ኮፒ ፔስት ስታደርጉ የሰው ንብረት ለዓለም እያደላችሁ ነው ማለት ነው። "ምንጭ ጠቅሻለሁ" አያድንም፣ ጥቂት ቃላት መቀያየርም አያድንም። ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ ቃል በቃል መተርጎምም ያው ነው። እንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ ወደ አማርኛው መተርጎም ግን ይፈቀዳል፤ ሴቭ ስታደርጉ ከየትኛው ገጽ እንደወሰዳችሁት ከነሊንኩ ጻፉ።

ሰው በጣም የሚሳሳተው ፎቶ ላይ ነው። ዘፋኙ ራሱ በቴሌግራም ቢልክላችሁም መብቱ በመሠረቱ የፎቶ አንሺው ነው። "ዊኪፒዲያ ይጠቀምበት" የሚል ፈቃድም አይበቃም፣ ምክንያቱም ፈቃዱ ለሁሉም ሰው መሆን አለበት። ባለመብቱ ፎቶውን በነፃ ፈቃድ መልቀቁን ለዊኪሚዲያ ኮመንስ የፈቃድ ቡድን በኢሜይል ማረጋገጥ ይችላል። ከፌስቡክ ያወረዳችሁትን "የራሴ ሥራ" ብላችሁ አትጫኑ።

የቆየ ፎቶስ? በእኛ ሀገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍ የሚጠበቀው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። መጽሐፍ ግን ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። ኮመንስ ደግሞ ሥራው በአሜሪካ ሕግም ነፃ እንዲሆን ይጠይቃል፣ ስለዚህ 25 ዓመት ስለሞላው ብቻ አትቸኩሉ።

ገጹ አናት ላይ የስረዛ ማስታወቂያ ካያችሁ ምን ታደርጋላችሁ? የፈጣን ስረዛ ማስታወቂያ ከሆነ ገጹን የፈጠረው ሰው ራሱ አያነሳውም፤ ተቃውሞውን በውይይት ገጹ ላይ ይጽፋል። ጽሑፉ የተገለበጠ ከሆነ ክርክር ትርፉ ድካም ነው፣ በራሳችሁ አነጋገር ከባዶ ጻፉት። ጥያቄው የምንጭ ከሆነ እንግሊዝኛው ላይ ውይይቱ በመደበኛው 7 ቀን ይቆያል። ግሩፕ ላይ "ገብታችሁ 'ይቆይ' በሉልኝ" ማለት አይሠራም፤ የሚመዘነው ምክንያቱ እንጂ የሰው ብዛት አይደለም። እንዲያውም ጥርጣሬ ይፈጥራል። የሚያዋጣው ከባለታሪኩ ጋር ንክኪ የሌላቸው፣ ስለ እሱ ሰፋ አድርገው የጻፉ ሁለት ሦስት ታማኝ ምንጮች ማቅረብ ነው። የራሱ ዩቲዩብ ቻናልና የተከፈለበት ማስታወቂያ እዚህ ውስጥ አይገቡም።

የተሰረዘ ገጽ ለአስተዳዳሪዎች ይታያል። ማን እንደሰረዘው፣ በምን ምክንያት እንደሆነም መዝገቡ ላይ አለ። ለሰረዘው አስተዳዳሪ በጨዋ ቋንቋ ጽፋችሁ ወደ ረቂቅ እንዲመልስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የተገለበጠ ጽሑፍ ከሆነ ግን አይመልስም።

በዚህ መሃል "ገጽህን አስመልሳለሁ፣ ብር ላክ" የሚል ሰው ከመጣ ብሎክ አድርጉት። እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በ2015 እንዲህ ካለ ማጭበርበር ጋር የተያያዙ 381 አካውንቶችን ዘግቷል። ረቂቃቸው ውድቅ የሆነባቸውን ሰዎችና ትናንሽ ድርጅቶች እየፈለጉ ነበር ገንዘብ የሚጠይቁት። ገጽ ይመለስልኝ ብሎ ማመልከት በነፃ ነው።