የሞተር ሙቀት ልክ፦ ስለ ቴርሞስታት ጥንተ ነገርና ለአሮጌ መኪና ስለ መምረጡ

ለሞተር ዕድሜ ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሁሉ በዋጋዋ ትንሽ፣ በግዙፍነቷ የቡና ሲኒ የምታህል፣ በሥራዋ ግን ታላቅ የሆነች አንዲት ዕቃ አለች፤ እርስዋም ቴርሞስታት ናት። ተግባርዋ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ መንገዱን ዘግታ መቆየት፣ ከሞቀም በኋላ እንደ ሙቀቱ ልክ ጥቂት በጥቂት መክፈት ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ለአሮጌ መኪናው ምትክ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ዕቃዋ በቤቷ ልክ መግባቷን ብቻ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሞተር ከተሠራበት ዘመን ጋራ የራሱ የሙቀት ሥርዐት ስለ ተወሰነለት፣ የዚህችን ዕቃ ታሪክ ያልመረመረ ሰው በስፋቷ የምትገጥመውን በጠባይዋም ከምትስማማው ለይቶ ለማወቅ አይችልም።

ሙቀትን በራሱ በሙቀቱ ኃይል የመግዛት ጥበብ መኪና ከመፈጠሩ እጅግ ይቀድማል። ከ1572 እስከ 1633 እ.ኤ.አ. የኖረው የሆላንዱ ሊቅ ኮርኔልዩስ ድሬብል በእንግሊዝ አገር በነበረበት ዘመን እንቁላል የሚያስፈለፍል ምድጃ ሠርቶ፣ በውስጡ አልኮልና ባዜቃ ያለበት ዕቃ አኖረ፤ ምድጃው ከልክ በላይ ሲግል አልኮሉ እየሰፋ ባዜቃውን ወደ ላይ ይገፋው ነበር፣ ባዜቃውም ከፍ ባለ ጊዜ የእሳቱን መተንፈሻ እየደፈነ ሙቀቱን ይመልሰው ነበር። ሰው ቆሞ ሳይጠብቀው ልኩን የሚያውቅ መሣሪያ በዚህ አኳኋን ተገኘ።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ግን ይህን ጥበብ ይዘው አልተወለዱም። እንግሊዛዊው ቤንትሌ በ1900 ዓ.ም. መኪና ይዞ ወደ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በመጣበት ጊዜ፣ በአሜሪካም ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፎርድ ሞዴል ቲ በተስፋፋበት ዘመን፣ የሞተርን ሙቀት የሚጠብቀው ሹፌሩ ራሱ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በቀር ሞዴል ቲ የውኃ ፓምፕ እንኳ አልነበረውም፤ የሞቀው ውኃ ቀልሎ ወደ ራዲያተሩ ራስ ይወጣል፣ የቀዘቀዘውም ከብዶ ወደ ሞተሩ ይወርዳል፣ ዝውውሩም በተፈጥሮ ሕግ ብቻ ይፈጸማል። በብርድ አገር የሚነዳ ሰውም ራዲያተሩን በቆዳ ወይም በጨርቅ እየሸፈነ ሞተሩን ያሞቅ ነበር።

ፓምፕ በተጨመረ ጊዜ ውኃው ሞተሩ ቢሞቅም ባይሞቅም ያለ ዕረፍት ስለሚዞር አዲስ ችግር መጣ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራ ጀመር። ስለዚህ ካዲላክ በ1914 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በቴርሞስታት አስጠበቀው። ለዚህም ዐይነት ሥራ መሠረት የሆነውን የብረት ከረጢት የፈለሰፈው በቴነሲ ግዛት በኖክስቪል ከተማ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረው ዌስተን ፉልተን ነው። ይህ ስፌት የሌለው፣ እንደ ወናፍ እየታጠፈ የሚዘረጋ ከረጢት በውስጡ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ስላለበት፣ ሲሞቅ በትነቱ ግፊት እየረዘመ በሩን ይከፍታል። ትልቁም ምስጋናው ይህ ነው፤ ከረጢቱ ቢበሳ ተዘርግቶ በሩን ክፍት አድርጎ ስለሚቀር ሞተሩን ለቃጠሎ አይሰጠውም። በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልስ እንኳ በቀኝ በኩል ከሲሊንደሮቹ ሥር የአየሩን መዝጊያ የሚያዝዝ እንደዚህ ያለ ከረጢት አለው።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መሐንዲሶች ባደረጉት ምርመራ፣ የሲሊንደር ግድግዳ ይበልጥ የሚበላው ሞተሩ ሳይሞቅ በሚሠራበት ጊዜ መሆኑ ተገለጠ፤ ምክንያቱም ከነዳጁ ቃጠሎ የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ወደ ውኃነት ተለውጦ ከአሲድ ጋራ ብረቱን ይበላዋል፣ ያልተቃጠለውም ቤንዚን ዘይቱን ያጥበዋል። ቴርሞስታት እንግዲህ ሞተርን ከትኩሳት ብቻ ሳይሆን ከብርድም የምትጠብቅ ዘበኛ መሆንዋ በዚህ ተረጋገጠ።

የሙቀቱ ቁጥር ግን እንደ ዘመኑ ተለዋውጧል። በብርድ አገሮች ውኃ እንዳይረጋ አልኮል ይጨመር በነበረበት ዘመን፣ አልኮል ቶሎ ስለሚተን ቴርሞስታቱ በ71 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይከፈት ነበር፤ ግላይኮል የተባለው ፈሳሽ በተተካ ጊዜ ወደ 82 ዲግሪ ከፍ አለ፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጭስ ሕጎች ሲጠብቁም በብዙ መኪና 88ና ከ90 በላይ ደረሰ። ራዲያተሩም ግፊት በሚይዝ ክዳን በታሸገ ጊዜ፣ የውኃው ግፊት የብረቱን ከረጢት እየተጫነ ልኩን ስላዛባው፣ ሰርጅየስ ቨርኔት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የሰም ቴርሞስታት ቦታውን ወረሰ። ሰሙ ሲቀልጥ እየሰፋ ዘንጉን በብርቱ ኃይል ስለሚገፋ ግፊት አያሸንፈውም፤ ነገር ግን ሲያረጅ ተዘግቶ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ፣ ያገለገለበትን ዘመን ቆጥሮ መለወጥ ይገባል።

ይህ ሁሉ ነገር በአገራችን ልዩ ብርታት አለው። ውኃ ከባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለችው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ወደ ጣርማ በር የሚወጣ የጭነት መኪናም ሞተሩ እጅግ በሚደክምበት ቦታ የመፍያው ልክ ወደ 90 ዲግሪ ወርዶ ይጠብቀዋል። ክዳኑ የላላ አሮጌ ራዲያተር በዚያ ዳገት ላይ ቢፈላ ሹፌሩ ቴርሞስታቱን መጠርጠሩ አያስገርምም፤ ከዚህም የተነሣ ቴርሞስታትን አውልቆ መጣል በብዙ ጋራዥ እንደ መፍትሔ ተለመደ። ይሁን እንጂ ይህ ልማድ በደጋው ብርድ ሞተሩን በዝግታ ይበላዋል፣ ነዳጁንም ያባክናል፤ በአንዳንድ ሞተርም ሹፌሩ የሸሸውን ትኩሳት ራሱን ያመጣበታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው የጃጓር ኤክስኬ ሞተርና ከፊያት 124 ተወልዶ በ1970 እ.ኤ.አ. በቶልያቲ መሠራት የጀመረው ላዳ፣ ውኃው ራዲያተርን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ሁለተኛ መንገድ አላቸው። ቴርሞስታቱ ዋናውን በር ሲከፍት ይህን አቋራጭ ይዘጋል፤ ከወለቀ ወይም ይህን መዝጊያ የሌለው ምትክ ከገባ ግን፣ የሞቀው ውኃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ እየተመለሰ በዳገት ላይ ሞተሩን ያፈላዋል። ነጭና ሰማያዊ የተቀባ የላዳ ታክሲ ያለው ሰው እንግዲህ ባለ ሦስት አፍ የሆነውን ዕቃ ሁለቱም በሮቹ መሥራታቸውን ሳያይ ገንዘብ ሊከፍል አይገባም።

መራጭ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለሞተሩ የታዘዘውን ዲግሪ ከፋብሪካው መጽሐፍ ይፈልግ፤ አዲስ ዕቃ ነው ብሎ ለ71 የተሠራውን ሞተር በ92 አያስገድደው። ቀጥሎም የአሮጌውን ቁመት፣ የአንገቱን ክብና የአቋራጩን መዝጊያ ከምትኩ ጋራ አጠገብ ላጠገብ ያስተያይ። ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ በቴርሞሜትር መፈተን የቆየና መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን በላዩ የተጻፈው ቁጥር መከፈት የሚጀምርበት እንጂ የሚፈጽምበት አይደለም፣ ለመፈጸም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ የ88 ዲግሪ ዕቃ በአዲስ አበባ ክፍት ድስት ውስጥ ጥቂት ብቻ ከፍታ ብትቆም ደኅነኛ ልትሆን ትችላለችና ያለ ጥፋትዋ አትጣል፤ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ፈጽሞ የማትነቃነቀው የ71 ወይም የ82 ዕቃ ግን ትከሰስ። ስትገጠምም አየር የምታወጣዋ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፣ ማሸጊያዋም አብሮ ይለወጥ።

መካኒኩም ሞተር በፈላ ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን፣ ቺንጋውን፣ ፓምፑንና የተዘጋውን የራዲያተር ቀዳዳ ሳይመረምር በቴርሞስታቱ ላይ አይፍረድ። አሮጌ መኪና የሚጠብቅ ሰው የሠሪዎቹን ሐሳብ አደራ የተቀበለ ነውና፣ እነርሱ ለሞተሩ የወሰኑለትን የሙቀት ልክ መመለስ ከእርሱ የሚጠበቅ ግዴታ ነው።