ከካርቱም እስከ ድሬዳዋ፦ የአፍሪካ ዋንጫና የኢትዮጵያ ድርሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው የመኪና መንገድ አዋሽንና ሚኤሶን አልፎ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ በኩል አድርጎ ሂርና ይደርሳል። አሮጌው የባቡር ሐዲድ ግን ደጋውን ሳይወጣ ከሚኤሶ በቆላው ቀጥሎ ድሬዳዋ ይገባ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር ከፊሉ በድሬዳዋ ሲደረግ፣ ታላቁ የአህጉሩ ጨዋታ ለሂርናና ለአካባቢዋ ከተሞች የዚያን ጊዜ ያህል ቀርቧቸው አያውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልቀረባቸውም። ይህ ውድድር ኢትዮጵያ በእንግድነት የተጠራችበት ሳይሆን መሠረቱን ከጣሉት አንዷ ሆና ያቆመችው በመሆኑ፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ተገቢ ነው።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲቋቋም መሥራቾቹ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የመጀመሪያውም ውድድር በዚያው ወር በዚያችው ከተማ ተደረገ። ሆኖም ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች አብረው የሚሰለፉበት ቡድን ለማቅረብ ፈቃደኛ ሳትሆን በመቅረቷ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለነበረች የኢትዮጵያ ቡድን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ለፍጻሜ አለፈ፤ በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ ዲባ ነበር። ውጤቱ ለኢትዮጵያ መራራ ቢሆንም፣ ገና የተወለደው ማኅበር ከአራት አባሎቹ አንዱን ማጣት የሰውን ልጅ እኩልነት ከማጣት እንደሚሻል በመጀመሪያው ወሩ አስመስክሯል።

በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛ ውድድር ኢትዮጵያ በግብጽ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፋ ከሦስት ቡድኖች ሦስተኛ ሆነች። ሦስተኛው ውድድር በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ ግን ነገሩ ተለወጠ። በአሠልጣኙ በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ጥር 13 ቀን በፍጻሜው፣ ያን ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ከተሰለፈችው ግብጽ ጋር ገጠመ። ግብጾች ሁለት ጊዜ ቀድመው ሲያገቡ ኢትዮጵያውያን ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ፤ መደበኛው ሰዓትም 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ሁለት ግቦች ተጨምረው፣ የመጨረሻውን መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥሮ፣ ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ማለትም እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም.፣ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በካርቱም የተያዘውን አቋም በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን መድረክ ላይ ያለመታከት ተሟግተውለታል። የዘር መድልዎ የነገሠባት ደቡብ አፍሪካም በ1968 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባረረች።

ኢትዮጵያ በ1960 ዓ.ም. ውድድሩን በአዲስ አበባና በአሥመራ አስተናግዳ አራተኛ ወጣች። በ1968 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ስታስተናግድ ዘውዱ ወርዶ ነበር፤ ሁለተኛዋም አስተናጋጅ ከተማ ድሬዳዋ ሆነች። በዚያ የተመደቡት ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን የወሰደችው ዛየር በናይጄሪያ 4 ለ 2፣ በሞሮኮ 1 ለ 0 ተሸንፋ በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ወደቀች። በአዲስ አበባው ምድብ ኢትዮጵያ ኡጋንዳን 2 ለ 0 ብታሸንፍም በጊኒ 2 ለ 1 ተረትታና ከግብጽ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ ሳታልፍ ቀረች። የቀሩት አራት ቡድኖች እርስ በርሳቸው ተጫውተው፣ ሞሮኮ በመጨረሻው ጨዋታ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 በመውጣቷ ዋንጫውን ወሰደች።

ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ድርሻ እየመነመነ ሄደ። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተሳተፈች በኋላ 31 ዓመት ሙሉ ለውድድሩ መብቃት ተሳናት። የተመለሰችውም በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ምድር ነው። የዘር አገዛዙን ጥላ በ1988 ዓ.ም. በሜዳዋ ዋንጫ ያነሣችው ደቡብ አፍሪካ፣ በካርቱም ሳትገናኛት የቀረችውን ኢትዮጵያን በእንግድነት ተቀበለች። የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን ነበር፤ የ1954ቱ ድል ከተገኘ ልክ 51 ዓመት ሲሞላ ማለት ነው። ያን ዕለት የኢትዮጵያ ቡድን በ10 ሰው ቀርቶ፣ የቀደመውን ውድድር ዋንጫ ከያዘችው ዛምቢያ ጋር በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ቀጥሎ ግን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገውም ውድድር ከምድቡ አላለፈም።

በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈች። ጨዋታው በመዝገብ የኢትዮጵያ የሜዳ ጨዋታ ይባል እንጂ የተደረገው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው፤ በአገር ውስጥ ያሉት ስታዲየሞች የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ አላሟሉም ነበርና። ሦስት ጊዜ አህጉሩን በሜዳዋ ያስተናገደች መሥራች አገር እንግዳዋን በሰው አገር ለመቀበል ተገደደች። በ1954 ዓ.ም. ግብጽ የተረታችው በአዲስ አበባ ሕዝብ ፊት ነበር፤ ከ60 ዓመት በኋላ ግን የራስ ሕዝብ በሌለበት ተረታች።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዋንጫው ከግብ ብዛት በፊት በመርሕ ላይ የቆመ መሆኑ ነው፤ ይህም የኢትዮጵያ እጅ ያለበት ክብር ስለሆነ ማንም አይወስደውም። ሁለተኛው፣ ያለፈ ክብር ሜዳ አይሆንም። በ1968 ዓ.ም. ዋንጫው ድሬዳዋ ድረስ የመጣው ሊያስተናግደው የሚችል ሜዳ ስላገኘ ነው። ነገ ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑን መለያ የሚለብሰው ልጅ ዛሬ በሂርና ወይም በጭሮ በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ኳስ የሚያንከባልለው ሊሆን ይችላል። የሚጫወትበት ደልዳላ ሜዳ፣ የሚያስተምረውም ሰው ካላገኘ፣ የካርቱም መሠረትም ሆነ የአዲስ አበባ ድል ለእርሱ የሚሰማው ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።